ስለ አንዲት ሸክላ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



በፀዳ በምናከብረው በዚህ በዓል ላይ ስለ አንዲት የዘፈን ሸክላ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «ዘፈን ለተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ዛሬ ሬጌውም ዳንስሆሉም ያለ ድካም በስልካችን ይገኛል። በአያቶቻችን ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም። ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ስመ ጥር የሆኑት የሙዚቃ ጓዶችም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ስለ ነበሩ፣ ብዙው ዘፋኝ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ የ24 ዓመት ያህል ወጣት፣ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ባለቤት፣ ይህን ክልከላ ደፈሩ። ሊታሰሩ እንደሚችሉ እያወቁ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ይዘፍኑ የነበሩትን ዓለማየሁ እሸቴን አነጋገሩ። የአባታቸው ስም አንድ ይሁን እንጂ ወንድማማች አይደሉም። ዓለማየሁም ፈቃደኛ ሆኑ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ድምፅን ለየብቻ ቀድቶ ማቀናጀት ስላልተለመደ፣ ዘፋኙና ተጫዋቾቹ በአንድነት ይቀዱ ነበር፤ አንዱ የተሳሳተ እንደሆነ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው ትንሽ ሸክላ ላይ «ትማርኪያለሽ» የተባለው ዘፈን ተቀረጸ። ማተሚያው በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላዋ በሕንድ ታተመች። አዲስ አበባ ስትደርስም ወጣቱ ተሻማባት።

የተፈራው እስራት አልመጣም፤ ሥራውም አልቆመም። አቶ አምሃ እስከ 1975 ድረስ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ጨምሮ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አሳተሙ። በዚያው ዓመት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአገር ወጡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራዎቹ በፈረንሳይ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እንደገና ታትመው በዓለም ተሰሙ። አቶ አምሃና አቶ ዓለማየሁ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የመረጥሁበትን ምክንያት ልናገር። ባለፈው ክረምት በአንድ ሱቅ ውስጥ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እየጫንሁ ለደብተር መግዣ ገንዘብ አገኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አዝማሪ መሲንቋቸውን ይዘው ገቡና፣ በሠርግ ላይ የዘፈኑትን ሰው ቀድቶባቸው ኖሮ፣ ከእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲወጣ ሰሙት።

«ልጄ፣ ይህን በስንት ትሸጠዋለህ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው።

«የኔ ድርሻስ ስንት ነው?»

መልስ አላገኘሁም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ዐሥርቱን ትእዛዛት በቃሌ ወጥቼ ተሸልሜ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም አልታሰበኝም ነበር።

በኋላ ስለ አቶ አምሃ ባነበብሁ ጊዜ፣ «እሳቸውም ሕግ ጥሰዋል» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። እሳቸው ያልነበረ ሸክላ እንዲኖር ደፈሩ፤ እስራት ቢመጣም በራሳቸው ላይ ነበር። እኔ ግን የተሠራውን ወሰድሁ፤ ጉዳቱም የወደቀው በሽማግሌው ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው የእንደዚህ ያለውን ሰው ድካም ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው። ከእኛ መካከል ነገ ዘፋኝም፣ ደራሲም፣ ሠሪም ይወጣል። የሰውን ድካም በነፃ መውሰድ ከለመድን፣ የእኛን ድካም ማን ይከፍለናል? እኔ ያንን ሥራ ትቻለሁ። ሽማግሌውንም ፈልጌ በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያም ከያዝሁት ገንዘብ ድርሻቸውን ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።