ጥግ የያዘችው ወፍ

ዛሬ ስለ ወፍ ነው የማወራችሁ። አትሳቁ! ጌታስ በማቴዎስ 10 ላይ ስለ ድንቢጥ ተናግሮ የለ?

የምንኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር ባለቤት ያጡ እንስሳት የሚጠለሉበት ማቆያ አለ፤ ሼልተር ይሉታል። ልጄ «አባ፥ ወፍ እናሳድግ» ብላ ስለያዘችኝ አብረን ሄድን። ፓራኪት የሚሏትን አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን በሽቦ ቤቷ ጥግ ተለጥፋ አገኘናት። ያሳደጓት ሰዎች ትተዋት ሄደዋል። ሠራተኛዋ «ሰው ትፈራለች» ብላ አስጠነቀቀችን፤ ፈርመን ወሰድናት።

እውነቱን ልንገራችሁ፥ እኔ የጠበቅሁት ምስጋና ነበር። አድነናታል አይደል? በዚያው ማታ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድሁ። ወፏ ከሽቦው ጋር እየተላተመች ላባዋ ረገፈ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም አፈርሁ።

ዘሯ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው፤ ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። ጭልፊት ለሚያድናት ፍጥረት ከላይ የሚወርድ እጅ ምን እንደሚመስላት አስቡት። ስለዚህ እጃችሁን አትስደዱ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ አጠገቧ ተቀመጡ፥ ዝግ ባለ ድምፅ አውሩ። እኔ ስብከቴን የማዘጋጀው እዚያ ሆኗል፤ ሲረዝምባት ፊቷን ታዞራለች።

ምግቧ ደረቅ ዘር ብቻ አይሁን፤ ጎመንና ካሮት ጨምሩላት። አቮካዶ ግን መርዟ ነው። የማያጣብቀው መጥበሻ፥ ቴፍሎን የምንለው፥ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍ ይገድላል። የቡና ጭስም ለሳንባዋ አይሆንም። ባለቤቴ «ለወፍ ብለን ቡናችንን ከቤት ልናስወጣ?» ብላ ነበር፤ አሁን መቁያውን ተሸክማ በረንዳ የምትወጣው እሷው ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሕመሟን ትደብቃለች። በመንጋ መካከል የደከመች ወፍ ለአዳኝ ቶሎ ትታያለችና። (እኛስ እሑድ እሑድ «ደህና ነኝ፥ ጌታ ይመስገን» እያልን እንደብቅ የለ?) ላባዋን ነፍታ ከተቀመጠች፥ ጭራዋም ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፥ «ነገ ይሻላት ይሆናል» አትበሉ፤ ያኔውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ለልጃችሁ መጫወቻ ብላችሁ ከሆነ ግን እባካችሁ አትውሰዱ። ከ5 እስከ 10 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ልጁ በሁለት ወር ይሰለቻል። አንዴ የተተወችን ወፍ ደግማችሁ ልትተዉአት ነው? ቤት ልትቀይሩ ከሆነ፥ ወይም በቀን ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ፥ ቆዩ። መቆየት ኃጢአት የለበትም።

የእኛዋ አምስት ወር ሆናት። እኔ እጅ ላይ እስከ ዛሬ አልወጣችም። ባለፈው ማክሰኞ ልጄ የእህል ዛላ በአንድ እጇ ይዛ፥ የሌላ እጇን ጣት አጠገቡ ዘርግታ፥ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ወፏ ብዙ ካመነታች በኋላ አንድ እግሯን ጣቷ ላይ አሳረፈች። ሌላውን ከመቆሚያዋ እንጨት አላነሳችም።