የአጥንት ጉብታ

ቁርጭምጭሚታችሁን በእጃችሁ ዳስሱ። በውስጥም በውጭም ጉብ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። እባጭ አይደለም። ለብቻውም የተቀመጠ አጥንት አይደለም። የሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ጫፍ ነው። የክርናችሁም ሹል እንዲሁ የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። ከአጥንት ላይ እንዲህ የወጣው በሕክምና መጻሕፍት «አፖፊሲስ» ይባላል፤ በግሪክ ከሌላ የበቀለ ማለት ነው። እኛ ጉብታ እንበለው። ጉ-ብ-ታ። ጅማትም የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው።
ታዲያ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ጭቃ አንሸራቶት የወደቀ ሰው ቢኖር፣ ሁለቱን እግሮቹን አስተያዩ። ጉብታው ከቦታው ከዞረ፣ ካበጠ፣ መርገጥም ካቃተው እግሩ አይታሽ። ወጌሻም ቢሆን በቀርከሃ ጠፍሮ አይሰረው። ደም ያልደረሰው እግር ይሞታል። ላላ አድርጋችሁ ደግፉና ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት።