ጣሪያ ያልነበረው መስጂድ

በነቀብ በረሃ በምትገኘው የበደዊኖች ከተማ በራሃት፣ ለአዲስ ሰፈር ግንባታ ሲባል በተደረገ ቁፋሮ የጥንት መስጂድ መገኘቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ዕድሜው ከ7ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ይገመታል። በአቅራቢያው ሰው ከለቀቀው ዘመናት ያለፉት የገበሬ ቤትና የትንሽ መንደር ፍርስራሽ ይገኛል።

መስጂዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ጣሪያ አልነበረውም። ሚሕራቡ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ መካ ዞሯል። ሰጋጆቹ የአካባቢው ገበሬዎች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

የእነዚያን ገበሬዎች ስም፣ የከብታቸውን ብዛት፣ ያፈሱትን እህል የሚነግረን የለም። ፊታቸውን ወዴት ያዞሩ እንደነበር ግን ድንጋዩ ይመሰክራል።

እኛስ? ቤት ስንሠራ ቴሌቪዥኑ የት እንደሚቀመጥ አስቀድመን እናስባለን። ልጃችን «ቂብላ በየት ነው?» ቢለን ሳናመነታ የምንጠቁም ስንቶቻችን ነን? «ኑሯችን ሲሞላ በሰላት እንጠነክራለን» የምንልስ? እነዚያ ገበሬዎች ጣሪያ እስኪያገኙ አልጠበቁም።

ዛሬ ማታ ልጆቻችንን ሰብስበን ቂብላውን እናሳያቸው፤ አብረንም እንስገድ። እኛም አንድ ቀን ቤታችንን ለቀን መሄዳችን አይቀርም። አላህ መልካም አሻራ ከሚተዉት ያድርገን። አሚን።