የቤት ማስፋፊያ ፈቃድና የግቢው ሙሉ ፕላን
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የዶርዜ ደጋ ቤት የሚሠራው ቀርከሃ ተጎንጉኖ ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፤ ቦታ መለወጥ ባስፈለገ ጊዜም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ቤተሰብ ሲበዛ ግን ዋናው ቤት አይለጠጥም፤ ለማብሰያ፣ ለእንግዳ ወይም ለሙሽሮች የሚሆን ትንሽ ቤት በግቢው ውስጥ ለብቻው ይተከላል።

በቆላው፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በተቆረቆረው ከተማም ቤተሰብ ይበዛል፤ ቦታው ግን አይሰፋም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደንግጎ ነበር። ሁለተኛ ቤት የተከለከለ ሰው ፊቱን ወደ ጓሮው ማዞሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። ድንጋጌው ከተለወጠ በኋላም ከአጥር ጋር አጣብቆ ሰርቪስ ቤት የመሥራቱ ልማድ ቀጠለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «ግንባታ» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጓሜ፣ አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም አጠቃሎአል። ስለሆነም ማስፋፊያ በጓሮ የሚከናወን በመሆኑ ብቻ ከፈቃድ ነፃ ሊሆን አልቻለም።

ዋናው ችግር የሚነሣው ማስፋፊያው ሲደጋገም ነው። ለምሳሌ በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ 70 ካሬ ሜትር የያዘ ቤት ቢኖር፣ በመጀመሪያው ዓመት 12 ካሬ ሜትር ወጥ ቤት፣ በሦስተኛው 32 ካሬ ሜትር ሰርቪስ፣ በስድስተኛው 16 ካሬ ሜትር ሱቅ ቢጨመርበት፣ ጠቅላላው 130 ካሬ ሜትር፣ ይኸውም የግቢው 65 በመቶ ይሆናል። እያንዳንዱ ማመልከቻ ለብቻው ሲታይ ነቀፋ ላይገኝበት ይችላል። ነገር ግን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከተጨመረው 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ብቻ 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ሴቻ ከፍ፣ ሲቀላ ዝቅ ባለበት ከተማ ደግሞ የላይኛው ግቢ ውሃ ለታችኛው ጎረቤት ዕዳ ነው። ከዚህም ሌላ የጎረቤት መስኮት ይጨልማል፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ መምጠጫ መኪና የማይደርስበት ይሆናል፤ አዲሱ መሠረት ከአሮጌው የተለየ ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል። በቤቱ ላይ ደርብ ቢታሰብማ፣ በተጠቀሰው አዋጅ አመዳደብ ሕንፃው ከምድብ «ሀ» ወደ ምድብ «ለ» ያልፋል፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥም የመሬት መንቀጥቀጥን ሳያሰሉ ደርብ መጫን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

በመሆኑም ከባለሙያው የሚጠበቀው የተጠየቀውን አንድ ክፍል ብቻ ነድፎ መስጠት አይደለም። የተሠራውንም፣ ወደፊት የሚሠራውንም፣ የውሃውን መውረጃና የጉድጓዱን ቦታ በአንድ ወረቀት ላይ ማሳየት፣ ሥራውንም በየደረጃው ከፋፍሎ ማቅረብ ይገባዋል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ካለም ከፕላኑ ሊሰወር አይገባም። የተደበቀው ሲገለጥ የሚፈርሰው የባለሙያው ሥዕል ሳይሆን ቤተሰቡ ለዓመታት ያጠራቀመው ጥሪት ነውና።

ባለቤቱ «ለጊዜው አንድ ክፍል ብቻ» ማለቱ አይቀርም። ባለሙያው ግን ቀጣዩን ክፍል ያን ጊዜውኑ ሊጠይቀው ይገባል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ።