አሠልጣኝን በውድድር መካከል ማሰናበት ይገባልን?



የዛሬው ርእሴ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሽንፈት የተደጋገመበት የቅርጫት ኳስ ቡድን የውድድሩ ዘመን ሳይፈጸም አሠልጣኙን ሊያሰናብት ይገባዋልን? ጥያቄው የታላላቅ ከተሞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በመካነ ሰላምም ሆነ በአቀስታ የትምህርት ቤቱን ቡድን የሚያሠለጥነው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው። ዛሬ ከቡድኑ ብናሰናብተው ነገ በክፍል ውስጥ ከእነዚያው ልጆች ፊት ይቆማል። ስለዚህ ውሳኔያችን የአንድ ጨዋታ ውጤትን ብቻ ሳይሆን የአንድ መምህርን ክብርም ይነካል።

የማሰናበት ደጋፊዎች ክርክር የሚናቅ አይደለም። ተጫዋቾቹን ሁሉ መለወጥ አይቻልም፤ አንዱን ሰው መለወጥ ግን ይቻላል ይላሉ። ምስክርም አላቸው። በ1981 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቡድን ገና 11 ጨዋታ እንዳደረገ ፖል ዌስትሄድን አሰናብቶ ረዳቱን ፓት ራይሊን ተካ፤ በ1982ም ዋንጫውን አነሣ። ነገር ግን ልብ እንበል። ቡድኑ 7 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነበር። ዌስትሄድን ያስነሣው የሽንፈት ብዛት ሳይሆን፣ በማጥቃት ስልቱ ምክንያት እንደ ማጂክ ጆንሰን ካሉ ተጫዋቾቹ ጋር የነበረው መተማመን መፍረሱ ነው። ተተኪውም ቡድኑን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ያው ራይሊ በ2010 የማያሚ ሂት ፕሬዚዳንት ሳለ ቡድኑ 9 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ኤሪክ ስፖልስትራ ይነሣ የሚል ጩኸትም በረታ። ራይሊ ግን አልተቀበለውም። ችግሩ አዲስ የተሰባሰቡ ተጫዋቾች ገና አለመዋሐዳቸው መሆኑን ተረድቶ ነበርና። ቡድኑ በ2012 እና በ2013 ዋንጫውን ወሰደ። እንግዲህ አንድ ሰው በሹም ሽር ተጠቅሞ፣ በትዕግሥትም ተጠቅሟል። ልዩነቱ ያለው በበሽታው መታወቅ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እግር ኳስ ስንመለስ፣ ለ2021 የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ መካከል የአብርሃም መብራቱ ውል በ2020 ሳይታደስ ቀርቶ ውበቱ አባተ ተተካ፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ከስምንት ዓመት በኋላ ለውድድሩ በቃ። ብዙዎች ይህን የለውጥ ፍሬ ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። ሆኖም ቡድኑ ያለፈው በ9 ነጥብ ነው፤ ተከታዩ ማዳጋስካር 8 ነበረው። ከዘጠኙ ነጥቦች ሦስቱ በአብርሃም ዘመን፣ በ2019 በባሕር ዳር ኮትዲቯር 2 ለ 1 ስትሸነፍ የተገኙ ናቸው። የፊተኛው አሠልጣኝ ካልዘራ የኋለኛው አያጭድም ነበር።

ከዚህም በላይ አሠልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ እጅግ በወደቀበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው መሻሻል የአዲሱ ሰው ሥራ ይመስላል። ሆኖም በኔዘርላንድ ከ1986 እስከ 2004 በነበሩ የእግር ኳስ ውድድሮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቀው አሠልጣኛቸውን ያቆዩ ቡድኖችም እንደዚያው ማንሠራራታቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አሠልጣኙ ልጆችን ቢያዋርድ ወይም ጤንነታቸውን ለአደጋ ቢያጋልጥ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም። በሌላው ሁሉ ግን ከማሰናበት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያግኙ። ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ ለአሠልጣኙ ተነግሮታልን? ለማረም ጊዜና ኳስ፣ የልምምድ ሜዳም ተሰጥቶታልን? ተተኪውስ ልጆቹን የሚያውቅና የተዘጋጀ ነውን? ከሦስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ ዓመቱ ይፈጸም፤ ከዚያ በኋላ በስክነት እንመዝን።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። በተለይ ተተኪ አሠልጣኝ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ደጋ፣ በአንድ የሽንፈት ወር ምክንያት የምናጣው መምህር በቀላሉ አይተካም። ልጆቹም ከእኛ የሚማሩት፣ ችግር በመጣ ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግን ሳይሆን ጥፋቱን መፈለግን ይሁን።