የቆመች ሰዓት
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ከተደረገ ንግግር)

ስለ ሰዓት ጥገና ተናገሪ ተብያለሁ። ሰዓት ሠሪ አይደለሁም፤ ያስተማረኝ ችግር ነው።

እዚህ ሊባኖስ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማዳም ስልኬን ወሰደችው። የምተኛው በረንዳ ላይ ነው፤ ያለችኝ ወንድሜ ከመርካቶ የገዛልኝ የእጅ ሰዓት ብቻ ነበረች። በእሷ እያየሁ ስንት ሰዓት እንደተነሳሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ማታ ማታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ቀጥ አለች። ከቤት መውጣት አይፈቀድልኝም፤ ምን ላድርግ? ራሴ ከፈትኳት።

ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ትንሽ ዕቃ ከወደቀ አይገኝም። የጀርባ ክዳኗ ጠርዝ ላይ ክፍተት አለች፤ እዚያ የደነዘ ቢላዋ ጫፍ አስገብቼ ቀስ ብዬ ሳዞረው ተፈነቀለች። ክዳኑ እየዞረ የሚከፈት ከሆነ ግን ቢላዋ ተዉ፤ ፕላስተር እንደ ኳስ ጠቅልሉና ተጭናችሁ ወደ ግራ አዙሩት። የጎማ ቀለበቷን እንዳትጥሏት፤ ውሃ የምትከለክል እሷ ናት።

ባትሪውን በስቴኪኒ አወጣሁት። ወረንጦ ከያዛችሁ ጫፉን ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ብረቱ ሁለቱንም ፊት ከነካ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ላዩ ላይ 377 ይላል። በወረቀት ጠቅልዬ ለሕንፃው ናጡር ሰጠሁት፤ ያንኑ ቁጥር ገዛልኝ። አሮጌው በነበረበት ፊት ሳስገባው ሰከንዷ መዝለል ጀመረች።

አንድ አደራ፦ አሮጌ ባትሪ የትም አትጣሉ። የምናሳድገው ልጅ ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። ከተዋጠ ወዲያው ሆስፒታል ነው፤ እስኪወጣ እንጠብቅ አይባልም።

ይሄ ሁሉ ለምን? በፈረንጆች 2009 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ውል በቀን ቢበዛ 10 ሰዓት እንድንሠራ፣ ሌሊት ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ እንድናርፍ ይላል። ያንን ለመጠየቅ ስንት እንደሠራን ማወቅ አለብን። ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ፤ የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት የእነሱ ጠዋት 5 ነው። «በ11 ተነሳሁ» ካላችሁ እስከ ረፋድ የተኛችሁ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ቤት ስወጣ የ3 ወር ደመወዝ ቀርቶብኝ ነበር። ማዳም «ምን ሠራሽና?» ስትለኝ ደብተሩን አወጣሁ። ሁሉንም አልሰጠችኝም፤ የ2 ወሩን ግን ተቀበልኩ።

የቆመ ሰዓት ያላችሁ በሚመጣው እሁድ ይዛችሁ ኑ። ቢላዋውን እኔ አመጣለሁ።