መተማ ምን ዓይነት በጎ ፈቃደኛ ትሻለች?

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በመኪና የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች በሱዳኗ የድንበር ከተማ በገላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ ይገቡ ነበር፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚያው በር ስደተኛው ጎረፈ። መንገደኛው «ጥቂት ሳምንት በጤና ተቋም በነፃ ላገልግል» ቢል ሐሳቡ ቅን ነው፤ ለመተማ ቆላ ግን አይበቃም። ካላዛር የተባለውን በሽታ እንውሰድ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ሲያድር የአሸዋ ዝንብ ይነድፈውና በሽታውን ያስይዘዋል፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይዘልቃል፣ ጣፊያው ያብጣል። የተለመደው ሕክምና በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ፣ ለ17 ቀናት ነው። ሁለት ሳምንት የሚቆይ እንግዳ አንድ በሽተኛ እንኳ ሳያስጨርስ ይሄዳል። «ከምንም ይሻላል» የሚል አይጠፋም፤ እንግዳውን የሚያለማምደውና የሚያስተረጉምለት ግን ያው ሥራ የበዛበት ነርስ ነው። ለወራት ሊቆይ የሚመጣ ሐኪም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።